አውታሬ ለምን ይበጠሳል? የደጋን አውታር በእጅ ስለመግመድ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ደብረ ሲና አካባቢ የሚኖር ወጣት ነው። ከወይራ ደጋን ጠርቧል። ርዝመቱ አውታር ከሚገባበት ከአንዱ ቦይ እስከ ሌላው 1 ሜትር ከ60 ነው። መጀመሪያ ቃጫ ገዝቶ «ጅራፍ እንደሚገመደው አጥብቄ ገምጄ» አውታር ሠራሁለት ይላል። ጥቂት እንደወረወረበት ጫፉ ላይ፣ ከቋጠሮው ሥር ተበጠሰ። ቀጥሎ ከሱቅ የናይለን ገመድ ገዝቶ አሰረ። እሱ አልተበጠሰም፤ ቀስቱ ግን አጠገቡ ይወድቃል። አሁን በጥንቱ መንገድ በእጅ የሚገመድ አውታር መሥራት ይፈልጋል። ከምን ክር? ስንት ክር? ሰም የግድ ነው ወይ? የበሬ ጅማትስ አይሻልም?

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ሞክረህ የሆነውን ለይተህ መጻፍህ ሥራዬን አቅልሎልኛል። የሁለቱ አውታሮችህ በሽታ አንድ አይደለም። የቃጫው የአሠራር ችግር ነው። የናይለኑ የክሩ የራሱ ጠባይ ነው።

ከቃጫው እንጀምር። «ጅራፍ እንደሚገመደው» ያልካት ነገር ላይ ነው ቁም ነገሩ ያለው። በእኛ አገር ገመድ መግመድ ለልጅ አይነገረውም፤ ነሐሴ ሲገባ ለቡሄ ጅራፍ ሲገምድ ይማረዋል። ለዚህም ነው አብዛኛው ሰው አውታር ሲባል እጁ ወዲያው ወደ ማክረር የሚሄደው። የጅራፍ ሥራ ግን መጮህ ነው። ከባድ፣ ድፍንና የከረረ ሲሆን ደስ ይላል። አውታር ሥራው ሌላ ነው። ተወጥሮ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቀስቱ በተለቀቀ ቁጥር ድንገተኛ ጉተታ ይመጣበታል። የደጋኑ ሁለት ክንፎች ወደ ፊት ይፈናጠራሉ፤ የሚያቆማቸው አውታሩ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚያርፍበት ጉልበት አንተ ስትስብ ካወጣኸው ጉልበት ይበልጣል።

ያንን ጉተታ የሚሸከሙት ክሮቹ ናቸው። 12 ክር ካለህ 12ቱም እኩል መሸከም አለባቸው። 3ቱ ላላ ካሉ ሸክሙ በ9ኙ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ የተወጠረው ክር መጀመሪያ ይበጠሳል። የእሱ ሸክም ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፤ እሱም ይበጠሳል። አውታር ባንድ ጊዜ «ጧ» ብሎ የተበጠሰ ይመስለናል እንጂ ብዙውን ጊዜ አሟሟቱ እንዲህ ተራ በተራ ነው። ማክረር ይህን አያስተካክልም። እንዲያውም ከልክ በላይ ሲከር ክሮቹ ጠመዝማዛ መንገድ ይይዙና አቅማቸው ይቀንሳል፤ አውታሩም መለጠጥ ይጀምራል።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ፤ ክሮቹን እኩል ወጥር፣ ከዚያ በልክ ግመድ። ጉልበቱ ያለው በመወጠሩ ላይ ነው። መግመዱ የሚያስፈልገው ክሮቹን አንድ ላይ ለመያዝ፣ ርዝመቱን ለማስተካከልና ጫፉ ላይ ያለ ቋጠሮ ዓይን፣ ማለትም ቦዩ ውስጥ የሚገባውን ቀለበት፣ ለማውጣት ነው።

«ያለ ቋጠሮ» ስል እንዲያው ለውበት አይደለም። ቋጠሮ ክሩን በጠባብ ቦታ አጥፎ ይጨቁነዋል። የገመዱን አቅም እስከ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ቃጫ ደግሞ ግትር ነው፤ መታጠፍ አይወድም። ያንተ አውታር ከቋጠሮው ሥር መበጠሱ የሚጠበቅ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም ጠርጥር። የደጋኑን ቦይ እይ። ወይራ ጠንካራ እንጨት ስለሆነ በቢላ ወይም በመጋዝ የተቆረጠ ቦይ ጠርዙ ስለት ሆኖ ይቀራል። ጥፍርህን አስኪድበት። ጥፍርህን የሚፍቅ ከሆነ አውታርህንም ይፍቃል። በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ ክብ አድርገው፤ ጣትህ ሳይሰማው ማለፍ አለበት። አዲስ አውታር ከመጀመርህ በፊት ይህን ጨርስ። አለዚያ ጥሩውንም አውታር ይበላብሃል።

ናይለኑ ለምን ቀስቱን አደከመው? ናይለን ጠንካራ ነው፤ ግን ይለጠጣል። ስትስብ ገመዱም አብሮ ይረዝማል። ስትለቅ ደጋኑ የሰጠውን ጉልበት ገመዱ እየተለጠጠ ይበላዋል። ላዩ ላይ ደግሞ የሱቅ ገመድ ወፍራምና ከባድ ነው። በደፈናው ከአውታሩ ክብደት ሲሶው ቀስቱ ላይ እንደተጨመረ ቁጠረው። ደጋንህ ቀስቱን ብቻ ሳይሆን ገመዱንም እየወረወረ ነው የደከመው። ደጋኑ ላይ አትፍረድ።

አሁን ወደ ክሩ።

በአውሮፓ የጥንት አውታር በአብዛኛው ከተልባ አገዳ ወይም ሄምፕ ከሚባል ተክል የወጣ ክር ነበር። «ተልባማ እኛም ጋ ሞልቷል» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ደጋችን ላይ ተልባ ይዘራል። የእኛ ተልባ ግን ለፍሬው የሚዘራ ነው። አጠር ያለና ቅርንጫፉ የበዛ ነው። ለክር የሚሆነው ቁመቱ ረዘም ብሎ ቅርንጫፉ ጥቂት የሆነው ዝርያ ነው፤ አገዳው ቀጥ ብሎ እንዲያድግ አጠጋግተው ይዘሩታል። ከአውድማ የተረፈ የተልባ አገዳ ይዘህ ብትታገል የምታገኘው አጫጭር ክር ነው። ልፋቱ አያዋጣም።

የመንዝ በግ ሱፍስ የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ሱፍ ለባናና ለበርኖስ ነው። ከናይለንም በላይ ይለጠጣል። እርሳው። የጓሳ ሣርም ገመድ ይሆናል፤ ቤት ይከደንበታል፣ ይታሰርበታል፤ ድንገተኛ ጉተታ ግን አይችልም።

የእጅ ፈትል ጥጥ ይቻላል። ጥጥ ከተልባ ክር ይደክማል፤ ለልጆችና ለቀላል ደጋን ግን ይበቃል። ከወሰንክ ማጉን ሳይሆን ድሩን ውሰድ። ማግ ለስላሳና ያልከረረ ነው፤ ድር በሸማኔ ዕቃ ላይ ተወጥሮ እንዲቆይ ተብሎ የተፈተለ ስለሆነ ጠንከር ይላል። ከእናትህ ጋር ተነጋገር። ቤታችሁ ጥጥ የሚነደፍበት ደጋን ካለም አውታሩን አስተውለው፤ በትንሹም ቢሆን ያንተኑ ሥራ ነው የሚሠራው።

ቃጫን ሙሉ በሙሉ አልጥልብህም። ቀጫጭኑን መርጠህ፣ ሰም አጠጥተህ፣ ያለ ቋጠሮ ከሠራኸው ለቀላል ደጋን ያገለግላል። ሻካራ ስለሆነ ግን እርስ በርሱ ይፋቃል። ዕድሜው አጭር ነው።

የእኔ ምርጫ ፖሊስተር ነው። ዛሬ በየአገሩ ለእንጨት ደጋን የሚመከረው ዳክሮን የሚባለው ክር ራሱ ፖሊስተር ነው። በመጠኑ ይለጠጣል፤ ያቺ ትንሽ መለጠጥ ለእንጨት ደጋን ደግ ናት፤ ድንጋጤውን ትቀበልለታለች። ከእሱ በኋላ የመጡ እምብዛም የማይለጠጡ ክሮች አሉ። ቀስቱን ያፈጥናሉ፤ ነገር ግን ጫፉ ያልተጠናከረ የእንጨት ደጋን ቦዩ ላይ ሊሰነጠቅባቸው ይችላል። ለወይራህ አልመኝለትም።

ደብረ ሲና ገበያ «ዳክሮን ስጡኝ» ብትል ግራ ይገባቸዋል። ጫማ ሰፊዎች የሚሰፉበትን ወፈር ያለ ክር ጠይቅ። ችግሩ አንዳንዱ ናይለን፣ አንዳንዱ ፖሊስተር መሆኑ ነው፤ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ለመለየት ትንሽ ቁራጭ አቃጥል። ሁለቱም ይቀልጣሉ። ፖሊስተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይተዋል። የናይለን ጭስ ነጣ ይላል፤ እንክብሉም ወደ ግራጫ ወይም ቡናማ ያደላል። በዚህ ካልረካህ ከሁለት ዓይነት ክር እኩል 1 ሜትር ቆርጠህ እኩል ክብደት አንጠልጥልባቸው። ብዙ የረዘመውን መልስ፣ ትንሽ የረዘመውን ግዛ።

ጅማትን የጠየቅከው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር፣ በተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው ኦትሲ የሚባለው ሰው 5,300 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ከቀስት ኮሮጆው ውስጥ 2 ሜትር ገደማ የሚሆን ገመድ ወጥቷል። ሲመረመር ከእንስሳ እግር ጅማት በ3 ተገምዶ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። የመረመሩት ሰዎች የደጋን አውታር ነው ይሉታል። የሚገርመው ደጋኑ ራሱ ገና ተጠርቦ አላለቀም ነበር። አውታሩን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነው የሚዞረው።

ስለዚህ ይሠራል። ግን ሥራውን እወቀው። ጅማቱን ከሥጋ ቤት ታመጣለህ፣ ጥላ ላይ ታደርቀዋለህ፣ በእንጨት እየቀጠቀጥክ ወደ ቀጫጭን ክር ትሰነጥቀዋለህ። ክሩ አጭር ስለሆነ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየቀጠልክ፣ አርጥበህ ትገምዳለህ። ከዚያ ተወጥሮ ይደርቃል። የባሰው ነገር ጅማት እርጥበት አይችልም፤ ይለጠጣል፣ ይላላል። የጣርማ በርን ጉም ለምታውቅ ለአንተ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። የበገና አውታር ከበግ አንጀት ስለሚሠራ «አንጀትስ?» ብለህ ካሰብክም መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ እርጥበት ይጎዳዋል። ጥጥና ተልባ በተቃራኒው ሲረጥቡ ይበረታሉ እንጂ አይደክሙም። ጅማትን ለበጋ፣ ያውም ሌላውን ከተካንክ በኋላ ሞክረው።

ስንት ክር? እዚህ ላይ ሰዎች በግምት ይሄዳሉ። ግምት አያስፈልግም። ጀሪካን በቂ ነው።

ከክሩ 1 ሜትር ያህል ቁረጥ። አንዱን ጫፍ ለስላሳ ዱላ ላይ 5፣ 6 ጊዜ ጠምጥመህ እሰር። ሌላውን ጫፍ ባዶ ጀሪካን እጀታ ላይ እንዲሁ ጠምጥም። ዝም ብለህ ከቋጠርከው ቋጠሮው ላይ ይበጠስና የቋጠሮውን እንጂ የክሩን አቅም አትለካም። ጀሪካኑን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ ስቀለውና ውሃ በኩባያ እየለካህ ጨምር። ሲበጠስ ስንት ሊትር ገብቶ ነበር? 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። የባዶውን ጀሪካን ክብደት ደምርበት። 3 ጊዜ ደጋግመህ ትንሹን ውጤት ያዝ።

ቀጥሎ የደጋንህን ጉልበት ለካ። የእህል ነጋዴ ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋስ። መንጠቆውን አውታሩ መሃል አስገብተህ፣ ስትወረውር እስከምትስብበት ድረስ ሳብና ኪሎውን አንብብ። ለዚህ የናይለኑ ገመድ ይበቃል። ሚዛኑን የሚይዝልህ ሰው ይኑር፤ ፊትህን ከአውታሩ መስመር አርቅ።

ሕጉ የአውታሩ አቅም ከደጋኑ ጉልበት ቢያንስ 4 እጥፍ ይሁን ነው የሚለው። ከገበያ በተገዛ፣ ታሪኩ በማይታወቅ ክር ለሚሠራ ሰው 5 እጥፍ ይሻላል። ደጋንህ 16 ኪሎ ነው እንበል። በ5 ሲባዛ 80 ኪሎ። አንዱ ክር 7 ኪሎ ላይ ከተበጠሰ 80 ለ7 ሲካፈል 11 ከምናምን ይመጣል። 12 ክር አድርገው። ሁልጊዜ ወደ ላይ አጠጋጋ፣ ቁጥሩም ለሁለት የሚካፈል ይሁን። ክርህ ደካማ ሆኖ 3 ኪሎ ላይ ከተበጠሰ 28 ክር ያስፈልግሃል ማለት ነው። ያኔ አውታሩ ይወፍርና በቀስቱ ቂጥ ስንጥቅ አልገባም ሊል ይችላል። ጠንካራ ክር የሚመረጠው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን እንወጥር። ሜዳ ላይ 2 ችካል ትከል፣ ወይም ረጅም ጣውላ ላይ 2 ወፍራም ሚስማር ምታ። ርቀታቸው 2 ሜትር ከ15 ይሁን። አውታሩ አልቆ ሲታሰር ከደጋኑ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ላንተ 1 ሜትር ከ52 ገደማ ነው። የቀረው ለላይኛው ዓይን፣ ለታችኛው ማሰሪያና መግመዱ ለሚበላው ነው።

ክሩን ሳትቆርጥ በሁለቱ ችካሎች ዙሪያ አዙር። አንድ ዙር 2 ክር ይሰጥሃል፤ 6 ክር ለማግኘት 3 ዙር። እጅህ እንዳይቀያየር። አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ የምታደርግ ከሆነ ከላይ ያልኩህ ሁሉ እዚሁ ፈረሰ። ስትጨርስ ክሮቹን በጣትህ ምታቸው፤ ሁሉም ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። ክራር የሚቃኝ ጓደኛ ካለህ ጥራው፤ ጆሮው ካንተ ዓይን ይበልጣል። ላላ ያለውን አሁኑኑ አስተካክል። ይህን 6 ክር አንድ ዘለላ በለው። ሁለተኛውን ዘለላ በሌላ ቀለም ክር እንዲሁ ሥራ። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ቢሆን ስትገምድ አይምታታብህም።

ችካሉ ላይ ከቆረጥክ በኋላ የክሮቹ ጫፍ እኩል ሆኖ እንዳይቀር። ከላይኛው ዓይን በኩል አንዱን ባለበት ተወው፣ ቀጣዩን 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል አሳጥረው፣ የሚቀጥለውን ሌላ 1 ተኩል፣ እንዲህ እያልክ። ጫፉ እንደ አይጥ ጭራ እየቀጠነ መሄድ አለበት። እኩል ከተቆረጠ ጭራው ባለቀበት ቦታ አውታሩ በድንገት ይቀጥንና ጉዳት ሲመጣ የሚያርፈው እዚያው ነው።

ሰሙን አሁን ቀባ። ዘለላውን ከላይ እስከ ታች በንብ ሰም እሽ፤ ከዚያ በቁራጭ ቆዳ ይዘህ እስኪሞቅ ፈትገው። ሙቀቱ ሰሙን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሰም የግድ ነው ወይ ላልከው፣ አዎ። ክሮቹን ያጣብቃል፣ እርስ በርስ እንዳይፋቁ ያደርጋል፣ ውሃ ይከላከላል። ጧፍ ከሚሠሩ ሰዎች የተጣራ ሰም ታገኛለህ። ከጠጅ ቤት የሚወጣው ሰፈፍ ርካሽ ነው፤ ግን በውሃ አፍልተህ በጨርቅ ካላጠለልከው ቆሻሻው ክር ይፍቃል። የድሮ ሰዎች ሰሙ ላይ ትንሽ የዛፍ ሙጫ፣ የጥድ ዓይነት፣ አቅልጠው ይጨምሩበት ነበር፤ ይበልጥ እንዲያጣብቅ። በብርድ አገር ሙጫ ሲበዛ ሰሙ ይሰባበራል። ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ ንጹሕ ሰም ራሱ እንደ ድንጋይ ነው፤ ጥቂት ጮማ መጨመር ያለሰልሰዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ጮማ ከጨመርክ እጅህ ላይ ይቀራል።

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ቀስ ብለህ አንብበው፤ ክር ይዘህ ብታነበው የበለጠ ይገባሃል።

ሁለቱን ዘለላዎች አጠገብ ለአጠገብ ያዝ። ከቀጠነው ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር ለካና እዚያ ላይ በግራ እጅህ ቆንጥጥ። አጭሩ ጫፍ ወደ ቀኝ ይሁን። ከሁለቱ ዘለላ ካንተ ራቅ ያለውን በቀኝ እጅህ ያዝና ካንተ ወደ ውጭ አክርረው። ከከረረ በኋላ በሌላው ላይ አሳልፈህ ወደ ራስህ አምጣው። አሁን ራቅ ያለው ሌላኛው ሆነ። እሱንም ወደ ውጭ አክርር፣ በላዩ ወደ ራስህ አምጣ። በቃ ይኸው ነው። ማክረሩ ወደ ውጭ፣ መግመዱ ወደ ውስጥ። ሁለቱ ተቃራኒ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ይቆልፋል፤ ብትለቀው አይፈታም። የሚፈታ ከሆነ ሁለቱንም ባንድ አቅጣጫ አዙረሃል።

8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከገመድክ በኋላ የተገመደውን እጠፈው። ዓይኑ ተሠራ። ስፋቱን ደጋኑ ላይ ለካ፤ አውታሩ ሲወልቅ ዓይኑ በክንፉ ላይ ወደ ታች መንሸራተት አለበት። አሁን ሁለት አጭር ጭራና ሁለት ረጅም ዘለላ በእጅህ አሉ። ነጩን ጭራ ከነጩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ጋር አጋጥም፤ በሰም አጣብቃቸው። ከዚያ ያንኑ ሥራ ቀጥል። ራቅ ያለውን ወደ ውጭ አክርር፣ ወደ ራስህ አምጣ። ጭራዎቹ እስኪያልቁ፣ ካለቁም በኋላ 2፣ 3 ሴንቲ ሜትር ጨምር። ሁለቱ ረጃጅም ዘለላዎች ከታች እየተጠላለፉ ይሄዳሉ። በየመሃሉ ቁምና በጣትህ ከፍለህ አላቅቃቸው።

የዓይኑን ሥር ተመልከት። መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ካለ ፈትተህ እንደገና ጀምር። እዚያ ላይ ስንፍና አይሠራም።

ለታችኛው ጫፍ ሌላ ዓይን አትሥራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ርዝመቱን በትክክል መምታት ከባድ ነው። ሸምቀቆ ይሻልሃል፤ ስታጠብቅና ስታላላ ርዝመቱ ይስተካከላል። ዓይኑን ሚስማር ላይ ስቀል። ሁለቱን ዘለላዎች እኩል ጎትተህ ወጥር፤ ይህን አትዝለል፣ አንዱ ዘለላ ከሌላው ከረዘመ አውታሩ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ከታች 50 ሴንቲ ሜትር ሲቀር በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። እዚያ ላይ ለየዘለላው 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን 2 ተጨማሪ ክር ብታክል ማሰሪያው ይጠነክራል። ከመቆንጠጫው ወደ ጫፉ በዚያው ዘዴ ግመድ። መጨረሻው ላይ እንዳይፈታ ቋጥረው፤ ይህች ቋጠሮ ሸክም ስለማያርፍባት ግድ የለም።

መሃሉ እስካሁን አልተገመደም። ሁለት ዘለላ ጎን ለጎን ተኝቷል። ጫፉን ይዘህ አውታሩን በሙሉ ግመዳው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ከ15 እስከ 25 ዙር አዙረው። ይኸው ነው ጠቅላላው። 1 ሜትር ከምናምን ለሆነ ርዝመት ይህ ያንስብኛል ትል ይሆናል፤ ጅራፍ የለመደ እጅ ሁሌም ያንሰዋል። ተወው፣ በቂ ነው።

ደጋኑን ስትገትር የታችኛውን ጫፍ በቦዩ ላይ አዙር፣ አውታሩን ራሱን ዞሮ ይመለስ፣ ከዚያ ጭራውን በገዛ ራሱ ላይ 3 ወይም 4 ጊዜ ጠምዝዘው። ሲወጠር ራሱን ይቆልፋል። ግንድ ለመጎተትም የሚሆን ማሰሪያ ነው። የላይኛውን ዓይን በላይኛው ቦይ አስገባ። ከዚያ ከእጀታው እስከ አውታሩ ያለውን ርቀት እይ። ለእንዲህ ዓይነቱ ደጋን ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። ሜትር ከሌለህ ጡጫህን እጀታው ላይ አስቀምጠህ አውራ ጣትህን ቀጥ አድርግ፤ የጣትህ ጫፍ አውታሩን መንካት አለበት። ትንሽ ካነሰ አውታሩን ጥቂት ዙር ጨምርበት፤ እየከረረ ሲሄድ ያጥራል። ብዙ ካነሰ ግን በማክረር አትሸፍነው፤ ሸምቀቆውን ፈትተህ አሳጥር።

አዲስ አውታር መጀመሪያ ይረዝማል። ሰሙ ይደላደላል፣ ግመዳው ይቀመጣል። አንድ ሁለት ሰዓት ተወጥሮ ይቆይ። ከዚያ ግማሽ ብቻ እየሳብክ፣ ሳትለቅ፣ ቀስ ብለህ መልስ። ርቀቱን እንደገና ለክተህ አስተካክል። ሙሉ የምትስበው ከዚህ በኋላ ነው።

መሃሉን መጠምጠም ቀረ። ቀስቱ የሚቀመጥበትና ጣትህ የሚይዝበት ቦታ ቶሎ ይበላል። ደጋኑ እንደተገተረ፣ ቀስቱ ከሚያርፍበት ነጥብ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለህ ጀምርና ወደ ታች 16 ሴንቲ ሜትር ያህል በቀጭን ጠንካራ ክር አጥብቀህ ጠምጥም። ለዚህ ናይለን ይሆናል። አቅጣጫው ከአውታሩ ግመዳ ጋር አንድ ይሁን፤ አለዚያ ጣትህ ይፈታዋል። ለመጨረስ ደግሞ 10 ዙር ሲቀርህ የሌላ ክር እጥፋት ከሥር አስቀምጥ፣ በላዩ ጠምጥም፣ የክሩን ጫፍ በእጥፋቱ አስገብተህ ሳበው። ጫፉ ከጥምጥሙ ሥር ገብቶ ይቀራል። የቀስቱ ቂጥ አውታሩ ላይ ሲገባ በራሱ ክብደት አይውደቅ፤ አውታሩን በጣትህ መታ ስታደርገው ግን ይውደቅ። ከዚህ ከጠበቀ ስንጥቁን አስፋ። አውታሩ ላይ ቀስቱ የሚቀመጥበት ነጥብ፣ ቀስቱ እጀታው ላይ ከሚያርፍበት ተነስቶ አውታሩን ቀጥ ብሎ ከሚያቋርጠው መስመር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

ከጥያቄህ ውጭ ቢሆንም ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ቀስት ሳይኖርበት ስበህ አትልቀቅ። ልጆች «ድምፁን እንስማ» ብለው ያደርጉታል። ቀስቱ ይዞት የሚሄደው ጉልበት በሙሉ ወደ ደጋኑና ወደ አውታሩ ይመለሳል፤ ደጋን የሚሰበረው እንዲህ ነው። አውታር ስትወረውር ሲበጠስም ውጤቱ ያው ነው፤ ባለፈው ደጋንህ የተረፈው ዕድለኛ ሆነህ ነው። ክንፎቹን በደንብ መርምር፤ ከጀርባው በኩል (ስትወረውር ወደ ዒላማው የሚዞረው ገጽ) የተነሳ ስንጣሪ ወይም በሆዱ በኩል (ወደ አንተ የሚዞረው ገጽ) አግድም የተሸበሸበ መስመር ካየህ አትግተረው። ሁለተኛ፣ ስትጨርስ አውታሩን አውልቅ። ተገትሮ ያደረ የእንጨት ደጋን ይጎብጥና እንደጎበጠ ይቀራል።

አውታሩን ከመወርወርህ በፊት በጣቶችህ መሃል አሳልፈው። ፀጉር ካወጣ ሰም ቀባ። አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ካገኘህ ቀይረው፤ አትቀጥለው። ለዚህም ሁለት ገምደህ አስቀምጥ። ሁለተኛውም በደጋኑ ላይ ተወጥሮና ተስተካክሎ ያለቀ ይሁን።

ክርህ ስንት ሊትር ላይ እንደተበጠሰና ደጋንህ ስንት ኪሎ እንደሳበ ጻፍልኝ፤ የክሩን ቁጥር አብረን እናሰላለን። የዓይኑን ሥር ፎቶ ካነሳህ እሱንም ላከው።